አስራ አንዱንም አገር በአንድ ቀን?

ወንድሜ፣ ፍሎሪዳ እህትህ ጋ ስትሄድ ኦርላንዶ አጠገብ ያለው የዲዝኒ መዝናኛ ፓርክ፣ ኤፕኮት ገብተህ፣ እዚያ በየአገሩ ስም በተሠሩት ሰፈሮች የሚሸጠውን የ11ዱንም አገር መጠጥ በአንድ ቀን መቅመስ ይቻላል ወይ ብለሃል። መቅመስ ይቻላል፣ በየአገሩ ሙሉ ብርጭቆ ግን በፍጹም። ጉበት አንድ መለኪያ ለማጣራት አንድ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። አገሮቹን የሚያዞረው መንገድ ደግሞ 2 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ቶሎ ያልቃል።

ሜክሲኮ ጋ ያለው ማርጋሪታ ያታልላል። በረዶና ሎሚ ስላለው ጁስ ይመስልሃል፣ ውስጡ ግን ተኪላ ነው። ልክ እንደኛ ጠጅ በለው። ባለፈው ፒያሳ አንድ ጠጅ ቤት ጓደኛዬ ጣፍጦት ሦስተኛውን ብርሌ ሲጨርስ እየሳቀ ያወራ ነበር፣ ሂሳብ ከፍለን ልንወጣ ሲነሳ ነው ጉልበቱ የከዳው፣ ደግፌው ነው ታክሲ ውስጥ ያስገባሁት።

እኔ ብሆን አራት አገር መርጬ ከእህቴ ጋር አንዱን ብርጭቆ ለሁለት እጠጣለሁ። በባዶ ሆድ እንዳትጀምር፣ እባክህ። በየመሀሉ ውሃ ጠጣ። ለስላሳ የሚቀዱ የምግብ መሸጫዎች የበረዶ ውሃ በነፃ ይሰጡሃል። የኦርላንዶ ሙቀት የአዲስ አበባ ፀሐይ አይደለም፣ ወበቁ ራሱ ያደክማል። እዚያ መጠጥ የሚሸጠው ከ21 ዓመት ጀምሮ ስለሆነ ፓስፖርትህን ያዝ። መኪና የሚነዳውንም ሰው ከቤት ሳትወጡ ወስኑ።