ስለ ውሃ ድርጅት ባለቤትነት ከመከራከራችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ፣ ውሃ በጠፋ ቁጥር የሚነሳው ክርክር ያው ነው፤ አንዱ «ለግል ይሸጥ» ይላል፣ ሌላው «የሕዝብ ነው፣ አይነካም»። ምህንድስና ወይም ሂሳብ የተማራችሁ ግን መጀመሪያ የብድሩን ውል ጠይቁ። በምን ገንዘብ ተበደሩ? ወለዱ ቋሚ ነው ወይስ የሚዋዥቅ? ገንዘቡስ ቧንቧ ሆነ ወይስ የባለአክሲዮን ትርፍ?

በእንግሊዝና በዌልስ የውሃ ድርጅቶች በ1989 እ.ኤ.አ. ወደ ግል ሲዛወሩ፣ መንግሥት 5 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ዕዳ ሰርዞላቸው ነበር። የለንደኑ ቴምስ ዋተር በ2024 እ.ኤ.አ. ከ15 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ዕዳ ተሸክሞ ተገኘ። ከዕዳው ብዙው ከዋጋ ንረት ጋር የታሰረ ስለነበር፣ ኑሮ ሲወደድ አዲስ ብድር ባይወስድም ዋናው ገንዘብ አበጠ።

«እንግዲያው የመንግሥት ይሁን» ለማለት ግን አትቸኩሉ። የእኛ ጣጣ ምንዛሪ ነው። ውሃ የሚሸጠው በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ120 አለፈ። የ10 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ከ570 ሚሊዮን ብር ወደ 1.2 ቢሊዮን ብር ወጣ ማለት ነው፤ አንድ ሜትር ቧንቧ እንኳ ሳይቀበር። ልዩነቱን ማን እንደሚሸከም የሚለውን አንቀጽ ከሁሉ በፊት ፈልጉ።

ከዚያ ገቢው። 100 ሜትር ኩብ ተመርቶ 60ው ብቻ ቢል ቢወጣለት፣ የ50ው ቢሰበሰብ፣ ዕዳ የሚከፍለው 50ው ነው። የጠፋውን 40 ለማግኘት የተለመደው ዘዴ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ወደ ሰፈሩ የሚገባውን ፍሰት መለካት ነው፤ ሰው ተኝቷልና የሚያልፈው በአብዛኛው በስንጥቅ የሚፈስ ነው። ፒያሳ ላይ ግን ያሳስታችኋል፦ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌሊቱን የሚያልፈው ሮቶ ሊሞላ ነው። ሮቶው ሊሞላ ሲል ፍሎቱ (ተንሳፋፊው መዝጊያ) መግቢያውን ስለሚያጠብ ውሃው እየቀጠነ ይወርዳል፣ ያረጀ ቆጣሪም ቀጭኑን ፍሰት አይቆጥረውም። ተቋርጦ ሲመለስ ደግሞ አየሩ ቆጣሪውን ያሽከረክረዋል፤ ደንበኛው «አየር አስከፈላችሁኝ» ሲል እውነቱን ነው። ስለዚህ አንድ ትንሽ ሰፈር ምረጡ፣ የወሰኑን ቫልቮች ዝጉ፣ ሮቶዎቹ ሁሉ እስኪሞሉ ለተወሰኑ ቀናት ውሃ ሳታቋርጡ ስጡ፣ ከዚያ ለኩ። ቆጣሪ ስትቀይሩ ከሆቴሎችና ከትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ጀምሩ፤ ጥቂት ቆጣሪዎች ብዙ ብር ይይዛሉ። (መሥሪያ ቤቶቹ በወቅቱ ቢከፍሉ ደግሞ ግማሽ ክርክሩ ባልተነሳ ነበር።)

እኔ ውሃ በሕዝብ እጅ ይቆይ ከሚሉት ነኝ። የግል ኩባንያ ለማስተዳደር ከመጣም አልቃወምም፤ ግን ብክነቱን ስንት ሜትር ኩብ በቀን እንደሚቀንስ፣ በማን ቆጣሪ እንደሚለካ ውሉ ላይ ይጻፍ። በመቶኛ ብቻ ከተጻፈ አትፈርሙ፤ አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሮ ምርቱ ሲጨምር፣ የሚፈሰው ሳይቀንስ መቶኛው ይወርዳል፣ የኩባንያው ጉርሻም ይከፈላል።