አዋጭነት የምትለው ቃል

የከተማ ፕላን ሙያ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ለንደን ውስጥ በአንድ የአካባቢ ምክር ቤት የፕላን ቢሮ ሥራ የጀመርኩት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍላችሁ።) ያኔ ካርታ ዘርግተን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ይሄ ሰፈር ምን ጎደለው?» ብለን ነበር። ጡረታ ስወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «አልሚውን ያዋጣዋል ወይ?» ሆኗል። በመሀል ማንም ሰብስቦ «ከዛሬ ጀምሮ ኒዮሊበራል ሆነናል» አላለንም። ሥራውን ለገበያው ተዉለት የሚለው ይህ ሐሳብ የገባው በመመሪያ፣ በቅጽና በሰንጠረዥ ነው።

የምሥራቅ ለንደኑን ዶክላንድስ ተመልከቱ። መርከብ የራቀው የቴምዝ ወደብ ሰፈር ነበር። በ1981 የታቸር መንግሥት ልዩ የልማት ኮርፖሬሽን አቋቋመለት። የፕላን ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ሕዝብ ከመረጣቸው ምክር ቤቶች ተነስቶ ለኮርፖሬሽኑ ተሰጠ። በዓመቱ ደግሞ እዚያው ያለው አይል ኦፍ ዶግስ የተባለው ሰፈር «ኢንተርፕራይዝ ዞን» ተባለ። ለ10 ዓመት የንግድ ሕንፃ ግብር ቀረ፣ የፈቃዱም ጣጣ ቀለለ። ካናሪ ዋርፍ የሚባለው የቢሮ ፎቆች ሰፈር የበቀለው እዚያ ነው። ዋናው አልሚ በ1992 ከሰረ። አካባቢውን ከመሀል ከተማ ጋር በደንብ ያገናኘው የጁቢሊ ባቡር መስመር በ1999 ሲደርስ፣ አብዛኛው ወጪ ከመንግሥት ካዝና ነው የወጣው። ስለዚህ «ገበያው ብቻውን ሠራው» ሲሏችሁ፣ የግብሩንና የባቡሩን ሂሳብ ማን እንደከፈለ ጠይቁ።

እውነቱን ለመናገር እኛም ንጹሕ አልነበርንም። ነዋሪውን ሳናማክር ፎቅ የደረደርን ባለሙያዎች ነን። በ1968 ሮናን ፖይንት የተባለው ሕንፃ አንድ ጎኑ ተንዶ ሰው ሲሞት፣ ሕዝቡ በኛ ላይ የነበረው እምነት አብሮ ተናደ። የገበያ ሐሳብ የገባው በዚያ ክፍተት ነው። ይህንን ሳታውቁ ድሮ ሁሉ ጥሩ ነበር ብላችሁ እንዳትነሱ።

ቁጥር ለምትወዱ የበርሊንን ላንሳ። በ2004 ከተማዋ ዕዳ ሲጠናባት 65,000 ገደማ ቤቶች የያዘ ድርጅቷን በ405 ሚሊዮን ዩሮ ለግል ሸጠች። ገዢዎቹ የድርጅቱን ዕዳም ተረክበዋል። እሱን ብትጨምሩበት እንኳ ለአንድ ቤት 30,000 ዩሮ ቢደርስ ነው። በ2021 ከግል ኩባንያዎች 14,750 ያህል ቤት ስትገዛ 2.46 ቢሊዮን ዩሮ ከፈለች። ለአንዱ ወደ 167,000 ዩሮ መሆኑ ነው። ቬየና ግን አልሸጠችም። ዛሬም 220,000 ገደማ ቤቶች በእጇ አሉ።

አሁን ወደኔ ጠረጴዛ ልመልሳችሁ። በ2012 የወጣው የእንግሊዝ ብሔራዊ የፕላን ማዕቀፍ፣ ፕሮጀክት ለባለ መሬቱና ለአልሚው በቂ ትርፍ እንዲያስገኝ ይጠይቅ ነበር። ብዙ ሳይቆይ አንድ አልሚ ከመቶ 35 ተመጣጣኝ ቤት ሊሠራ ቃል ገብቶ፣ አዲስ የአዋጭነት ጥናት ይዞ መጣ። አሁን የሚያዋጣው 12 ብቻ ነው አለ። ሰነዱ ወፍራም ነበር። ምሥጢር ስለተባለ ነዋሪው አላየውም።

በሕዝብ ስብሰባው ላይ አንዲት የሀገራችን እናት ተነሱ። በአማርኛ እያስረዳኋቸው «ተመጣጣኝ ቤት አለ» ስላቸው፣ «ከማን ኪስ ጋር ነው የሚመጣጠነው፣ ልጄ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ከ2011 ወዲህ «ተመጣጣኝ ኪራይ» የሚባለው እስከ ገበያው ዋጋ 80 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ለንደን ውስጥ የዚያ 80 በመቶ የሳቸውን ደመወዝ ጠራርጎ ይወስዳል። ከኪሳቸው ጋር ሳይሆን ከገበያው ጋር የተመጣጠነ ነበር። ቃሉ ሲለወጥ እኛ ባለሙያዎቹ ሳንጠይቅ ተቀብለነዋል።

ስለዚህ የአዋጭነት ጥናት ሲደርሳችሁ ከመግቢያው አትጀምሩ። በቀጥታ የሽያጭ ዋጋ ግምቱን ፈልጉ። ቀጥሎ የመሬቱን ዋጋ፣ ከዚያ ትርፉን። የሽያጭ ግምቱ በትንሹ ዝቅ ካለ ተመጣጣኞቹ ቤቶች ከሰንጠረዡ ይጠፋሉ። እኔ ያየሁት ሰነድ ሁለት ዓመት ያለፈው ዋጋ ይዞ ነበር የመጣው። ቤቶቹ ሲሸጡ ከግምቱ እጅግ በልጠው ተሸጡ።

የአልሚው የሽያጭ ቢሮ ከኛ ቢሮ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነበር። እናንተ ሂዱና በሩን አንኳኩ። «ባለ ሁለት መኝታው ዛሬ ስንት ነው?» በሉ። እኔ በእግሬ ሄጄ ሳልጠይቅ ነው ሰነዱ ላይ የፈረምኩት።