መልስ፦ ሰደድ እሳትና ኮሮና አንድ ላይ ሲመጡ ከምን ልጀምር?

እህቴ፣ ካሊፎርኒያ ከጫካ አጠገብ እንደምትኖሪ፣ እናትሽም አብረውሽ እንዳሉ ጽፈሽ ከምን ልጀምር ብለሻል። ከጣሪያው ጀምሪ። ብዙ ቤት የሚያያዘው ነበልባሉ ራሱ ደርሶበት ሳይሆን ነፋስ ተሸክሞት በሚመጣ ፍም ነው፤ አሸንዳ ውስጥ የተጠራቀመ ደረቅ ቅጠል ካገኘ ይበቃዋል። አሸንዳውን ጥረጊ፣ የጣሪያውን አየር ማስገቢያ በጠባብ የብረት ወንፊት ሸፍኚ፤ ከግድግዳው እስከ 1.5 ሜትር ድረስ እንጨት፣ ቁጥቋጦ፣ የደረቀ ሣር አይኑር። ሕጉ እስከ 30 ሜትር አጽዱ ይላል፤ ጉልበት ካነሰሽ ግን ቅርቡን አስቀድሚ። የእንጨት አጥራችሁ ከጎረቤት ጋር የተያያዘ ከሆነ ያንቺ ጽዳት ብቻውን አያድንም። ሥራው ውጭ ስለሆነ ማስክ አድርጋችሁ፣ ተራርቃችሁ ከጎረቤቶችሽ ጋር አብራችሁ ሥሩ።

የጨርቅ ማስክ ጭሱን አያጣራም፤ የጭስን ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራውን ኤን95 የሚባል ማስክ ካገኘሽ ለእናትሽ አስቀምጪ። ማረፊያ ከሚሰጣችሁ ዘመድ ጋር ከአሁኑ ተነጋገሪ፣ እዚያ ቤት የታመመ ቢኖር የምትሄዱበትንም ሌላ ቦታ ያዢ። በ2020 እ.ኤ.አ. ቀይ መስቀል ብዙ ተፈናቃዮችን ሆቴል ያሳረፈው መጨናነቅን ለማስቀረት ነበር። ዘመድ ባይኖር እንኳ ኮሮናን ፈርታችሁ ቤት እንዳትቀሩ፣ አደራ! የእናትሽ መድኃኒትና ሰነዶቻችሁ በአንድ ሻንጣ በር አጠገብ ይሁኑ። እሳቸው ጊዜ ስለሚፈልጉ የመውጫ ትእዛዙን ሳትጠብቁ ማስጠንቀቂያው እንደተሰማ ውጡ።