ስታትስቲክስ እየጠሉ የልጆች ጥናት ይሆናል?

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በሳይኮሎጂ ተመርቀሽ ታብሌት ይዘሽ ለጥናት ፕሮጀክቶች ዳታ ትሰበስቢያለሽ። ልጆች እንዴት እንደሚማሩና እንደሚያድጉ ራስሽ ማጥናት ትፈልጊያለሽ፤ ስታትስቲክስ ግን አትወጂም። «አሁኑኑ ማስተርስ ልግባ?» ነው ጥያቄሽ።

ትንሽ ቆዪ እልሻለሁ። የምትወጂው ከልጆች ጋር መዋልን ከሆነ የትምህርት ቤት አማካሪነት ይሻልሻል። ተመራማሪ ውሎው በአብዛኛው ከኮምፒውተር ጋር ነው።

ጥናቱ ነው የሚስበኝ ካልሽ ደግሞ «ዳታ ኮሌክተር ብቻ ነኝ» ማለቱን ተዪው። ልጅን «ኑሮህ ከዚህ መሰላል የትኛው እርከን ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ወረቀት ላይ ቀላል ነው። እናትየው አጠገቡ ቁጭ ብላ ስትመልስለት፣ ልጁ አንቺን ደስ ለማሰኘት ላይኛውን ሲነካ፣ ቤቱ ሲዳምኛ የሚያወራው ልጅ የአማርኛው ቃል ሲጠፋው የምታዪው ግን አንቺ ነሽ። ቢሮ ለተቀመጠው ሰው የሚደርሰው ቁጥሩ ብቻ ነው። ማታ ማታ ይህን በደብተር ጻፊው፣ የልጆቹን ስም ሳትጠቅሺ። የመመረቂያ ጥናትሽ ርዕስ ከዚያ መውጣቱ አይቀርም።

ከስታትስቲክሱ ማምለጫ የለም። መለማመጃ ግን አለ። «ያንግ ላይቭስ» የተባለው በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ወደ 12,000 የሚሆኑ ልጆችን ተከታትሏል። 3,000 ያህሉ የእኛ አገር ልጆች ናቸው። ታናናሾቹ ያኔ የአንድ ዓመት ሕፃናት ነበሩ፤ ዛሬ ወጣቶች ሆነዋል። የቤተሰባቸው ኑሮ፣ ቁመታቸው፣ የሒሳብ ፈተና ውጤታቸው፣ ስለ ራሳቸው የሚሰማቸው ሁሉ ተመዝግቧል። ማንነታቸው ተሰውሮ የተቀመጠውን ዳታ ተመዝግበሽ በነፃ ማውረድ ትችያለሽ።

አንድ ጥያቄ ይዘሽ ግቢበት። ቅድመ መደበኛ የተማረ ልጅ ኋላ በሒሳብ ይሻላል? ቁጥሩን ስታዪ «አዎ» ማለት ያምርሻል። ቆይተሽ ግን ልጁን ቀድሞ ያስገባው ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ቢሆንስ? ትምህርቱን ከገንዘቡ ለመለየት ስትታገዪ ሪግሬሽን፣ ማለትም የአንዱን ነገር ድርሻ ከሌላው ለይቶ ለማስላት የሚረዳው የስታትስቲክስ ዘዴ፣ ለምን እንደተፈጠረ ይገባሻል። ክፍል ውስጥ ቀመሩን እንጂ ጥያቄውን ማን ነገረሽ! ለስሌቱ ሶፍትዌር ያስፈልግሻል። «ስታታ» የሚባለው ውድ ነው፤ «አር» በሚባለው ጀምሪ፣ ነፃ ነው።

ማስተርሱን ስትመርጪ ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት የጥናት አማካሪሽ ማን ሊሆን እንደሚችል አጣሪ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚያወጣውን የኢትዮጵያ የትምህርት ጆርናል ገልብጪ፤ ማን በምን ላይ እንደሚሠራ ታያለሽ።

እስከዚያው የፕሮጀክትሽን አስተባባሪ «ዳታ ማጥራቱን ላግዝ?» በያቸው። መጀመሪያ ላይ ላይከፍሉሽ ይችላሉ። ከአንድ ወር በላይ ግን በነፃ እንዳትሠሪ።