ጥያቄና መልስ፦ ዳሺ፣ የሟቾች ጀልባ እና ፍልሰታ በናጋሳኪ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ናጋሳኪ ለትምህርት ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሦስት ነገር ይጨንቀኛል። አንደኛ፣ እዚህ ምግብ ሁሉ ውስጥ ዳሺ የሚሉት የዓሣ መረቅ አለ። አትክልት ብቻ ነው ብዬ የበላሁት ኋላ ላይ ዓሣ ሆኖ ይገኛል። ጾሜ ጾም ነው? ሁለተኛ፣ አብራኝ የምትማር ልጅ አያቷ በጥር ሞተውባታል። ኦገስት 15 የሟቾችን ጀልባ በከተማው መንገድ ሲገፉ አብሬያቸው እንድገፋ ለምናኛለች። ቀኑ ደግሞ ፍልሰታ ውስጥ ነው የሚውለው። ሦስተኛው ጥያቄ ይሁን እሮሮ እኔም አላውቅም። እዚህ በዓሉ በዓል አይመስለኝም። ገና የትምህርት ቀን ነው። እንቁጣጣሽ ሲመጣ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ነው። ካስቀደስኩ ዓመት አልፎኛል። እንዲህ ሆኖ መጾሙስ ምን ይረባል?
ወለተ ማርያም ነኝ፣ ከናጋሳኪ።

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኅቴ ወለተ ማርያም፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። ዲያቆን ሳለሁ እኔም ለትምህርት ጃፓን ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ። ከተማው ያንቺ አይደለም፤ ዳሺ ግን የትም ያው ዳሺ ነው።

የመጀመሪያ ዓመቴን ጾመ ነቢያት ላጫውትሽ። ኅዳር 15 ጾሙ ሲገባ ብርዱም አብሮ ገባ። ከምወርድበት ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ቆመው የሚበሉባት አንዲት ጠባብ የሶባ ቤት ነበረች። ጠቆር ያለ ኑድል፣ ከላዩ የተከተፈ የሽንኩርት ቅጠል፣ ከሥሩ እንፋሎቱ መነጽር የሚሸፍን መረቅ። ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። እሰይ፣ የጾም ምግብ አገኘሁ አልኩ። ጾሙን በሙሉ ከ9 ሰዓት በኋላ እዚያው ስመላለስ ከረምኩ። ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው ባለቤቱ በጓሮ በር ትልቅ ከረጢት ተሸክመው ሲገቡ አየሁ። አናጢ እንጨት ሲልግ የሚረግፈውን ፍቅፋቂ የመሰለ ነገር ሞልቶበታል። ምንድን ነው ብላቸው «ካትሱኦቡሺ» አሉኝ። ለካ ታጥኖና ደርቆ እንደ እንጨት የጠነከረ ዓሣ ነው። እሱን እየላጉ ነው መረቁን የሚያፈሉት። ወር ከምናምን ዓሣ ስጠጣ ነበር ማለት ነው።

በድንጋጤ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ዝም ብለው አዳመጡኝና «ጣፍጦህ ነበር?» አሉኝ። «አዎ አባቴ።» «በል፣ አሁን አውቀሃልና ተው» ብለው ስልኩን ዘጉት።

የመጀመሪያው ጥያቄሽ መልስ ይኸው ነው ብልሽ ይበቃ ነበር። ትንሽ ላብራራው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን የቆየ ክርክር አላነሳም። አብዛኛው ምእመን አይበላም፣ እኔም አልበላም፣ አንቺም እንደማትበዪ ከጥያቄሽ ይገባኛል። ሳታውቂ የገባው ጾምሽን አላፈረሰውም። ከበደኝ ካልሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ከዚያ አትቁጠሪው። ካወቅሽ በኋላ ግን «ጃፓን ነውና ምን ላድርግ» ማለት አያስኬድም። የምታደርጊው ነገር አለ።

ቤትሽ ውስጥ ነገሩ ቀላል ነው። ኮምቡ የሚባለውን የደረቀ የባሕር ቅጠልና የደረቀ የሺታኬ እንጉዳይ ገዝተሽ ማታ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊው። ጠዋት መረቅ ሆኖ ይጠብቅሻል። የቡድሃ መነኮሳት በጥንቱ ሥርዓታቸው ሥጋም ዓሣም ስለማይነኩ ይህን ሲሠሩ የኖሩት እነሱ ናቸው። ከእነሱ ወጥ ቤት መማር ነውር የለውም። ሚሶ የሚሉትን የአኩሪ አተር ሊጥ ስትገዢ «ዳሺ-ኢሪ» የሚል የተጻፈበትን ተይው፤ ዳሺ የገባበት ማለት ነው። ናቶ የሚሉትን የተብላላ አኩሪ አተር ከወደድሽ (እኔ እስክወደው ስድስት ወር ፈጅቶብኛል፣ ሽታውን ታውቂዋለሽ) ከውስጡ የምትወጣውን ትንሿን የስጎ ከረጢት ጣያት። ብዙውን ጊዜ የዓሣ ጭማቂ አለባት። በምትኩ አኩሪ አተር ስጎ ጠብ አድርጊበት። እሽጉ ላይ እንቁላልና ወተት በሕግ ግዴታ ተለይተው ይጻፋሉ። የካትሱኦ ዓሣ ግን እንደዚያ ተለይቶ ስለማይወጣ ዝርዝሩን ራስሽ ማንበብ አለብሽ። ያንን ፊደል ከተማርሽ ዓይንሽ ራሱ ይፈልገዋል።

ከቤት ውጭ ደግሞ ተናገሪ። ዳንኤል በባቢሎን የንጉሡን መብል እንዳይበላ አለቃውን ለመነ እንጂ ገበታ አልገለበጠም። አሥር ቀን ሞክረን አለው። አንቺም ምግብ ቤት ስትገቢ፣ ፕሮፌሰርሽ ቤት ስትጠሪም፣ ቀደም ብለሽ «ሹክዮ ጆ ኖ ሪዩ» በያቸው። በሃይማኖቴ ምክንያት ማለት ነው። እዚያ አገር ሰው አስቀድሞ ከተነገረው አይቀየምም። የሚያስቀይመው ተሠርቶ ከቀረበ በኋላ እየነካኩ መተው ነው። «የሚያቀርቡላችሁን ሁሉ ሳትመራመሩ ብሉ» የሚለውን የጳውሎስ ቃል እየጠቀሱ ጾም የሚገድፉ አሉ። ቃሉ ለጣዖት ስለተሠዋ ሥጋ እንጂ ስለ ጾም አይደለም። ለሌላው ጥያቄሽ ግን ይጠቅመናልና ያዢው።

ጀልባውን ላቆየውና ወደ እሮሮሽ ልሂድ። እኔን የነካኝ እሱ ነው።

በዓሉ በዓል አይመስለኝም ያልሽው እውነትሽን ነው። ፍልሰታ ማለት ለእኛ ጉም፣ ጭቃ፣ የራሰ ነጠላ፣ ጠዋት ውዳሴ ማርያም ሲተረጎም የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ነው። እዚያ ፍልሰታ ማለት ጀርባ ላይ የሚጣበቅ ሸሚዝና ሲካዳ የሚሉት ቀኑን ሙሉ የሚጮኽ የዛፍ ላይ ነፍሳት ነው። ሳኩራ የሚሉት የቼሪ አበባ የሚፈነዳው ዐቢይ ጾም ላይ ነው። ጓደኞችሽ ዛፉ ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ቢራና የዶሮ ጥብስ ይዘው ይጠሩሻል (አበባ ማየት አያስገድፍም፣ ሂጂ)። ታኅሣሥ 29 እኛ ጾም ፈትተን ዶሮ ስንቆርስ፣ እነሱ የአዲስ ዓመት ድግስ ያደከመውን ሆዳቸውን ለማሳረፍ ሰባት ዓይነት ቅጠል የገባበት የሩዝ አጥሚት ይጠጣሉ። ሁሉም ነገር የተገለበጠ ይመስላል።

አሁን አንድ ነገር ልዘዝሽ። በትራም ተሳፍረሽ ኦኡራ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ። ምናልባት ለቱሪስት ነው ብለሽ አልፈሽው ይሆናል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው። በእምነት ልዩነት አለን፤ ይህን አልደብቅሽም። ታሪኩን ግን ስሚ።

ጃፓን ውስጥ ክርስትና በ1614 በአገር አቀፍ ደረጃ ታገደ። ካህናቱ ተባረሩ፣ ተገደሉ። በናጋሳኪ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ግን እምነታቸውን ደብቀው ለልጅ ልጆቻቸው አወረሱ። ካህን ሳያዩ፣ ሳይቆርቡ፣ ከ200 ዓመት በላይ። ከዚያ ፈረንሳውያን ለውጭ አገር ሰዎች ብለው ኦኡራን ሠሩ። ማርች 17 ቀን 1865 ኡራካሚ ከምትባለው መንደር ጥቂት ሰዎች መጡ። አንዲት ሴት ወደ ቄሱ፣ ወደ በርናርድ ፔቲዣን ጠጋ ብላ የእኛ ልብና የእርስዎ ልብ አንድ ነው አለችው። የድንግል ማርያም ሐውልት የት እንዳለም ጠየቀችው። ቀጥሎ የነገሩት ነው እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ፦ አሁን የኀዘን ወቅት 17ኛ ቀን ላይ ነን፤ እናንተስ ትጠብቁታላችሁ? አሉት።

የኀዘን ወቅት የሚሉት የፋሲካን ጾም ነው። እስቲ ራስሽ ቁጠሪው። በዚያ ዓመት የእነሱ ጾም የገባው ማርች 1 ነበር። ማርች 17 በትክክል 17ኛው ቀን ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚያወጣላቸው ካህን የለ፣ ደወል የለ፣ ማስታወቂያ የለ። ባስቲያን የሚባል አስተማሪያቸው ትቶት ሄደ የሚሉትን አንድ የቀን መቁጠሪያ እየገለበጡ ነው ቀን ሳይስቱ የቆዩት።

እነዚያ ሰዎችም በዓሉ በዓል እንዲመስል የሚያደርግ ምንም ነገር አልነበራቸውም። የነበራቸው ዛሬ ስንተኛው ቀን ነው የሚለውን ማወቅ ነው። ስለዚህ መጾሙ ምን ይረባል ስትዪኝ፣ መጀመሪያ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ግዢ እልሻለሁ። የወረቀት፤ ስልኩ ይረሳል። የእነሱን ቀን ታትሞበት ታገኚዋለሽ፣ የእኛን በእጅሽ ጻፊበት። ጁን 19 ላይ ሰኔ 12፣ ሚካኤል በዪ። ናጋሳኪ ያኔ የዝናብ ወቅቷ ነው፤ አጂሳይ የሚሏት ሰማያዊ አበባ አጥር ሁሉ ሞልታ ታገኛታለሽ። ኦክቶበር 6 ላይ መስከረም 26፣ ዘመነ ጽጌ በዪ። ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ድገሚ። ዳንኤል በባዕድ አገር መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ በቀን ሦስት ጊዜ ሲጸልይ መጽሐፉ «ቀድሞም ያደርግ እንደ ነበረ» ነው የሚለው። አዲስ ነገር አልጨመረም፣ የለመደውን አልተወም።

ስለ ቅዳሴው ግን አላባብልሽም። ቀን መቁጠር የቅዱስ ቁርባንን ቦታ አይተካም። ኪዮቶ ክፍለ ሀገር ኪዙጋዋ የምትባል ከተማ ውስጥ፣ የኮፕቶች ፓትርያርክ ፖፕ ታዋድሮስ በ2017 ጃፓን መጥተው የባረኳት የኮፕት ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አለች። ከግብፆች ጋር በእምነት አንድ ነን። ከናጋሳኪ ሩቅ መሆኑን አውቃለሁ፣ የፈጣኑን ባቡር የሺንካንሰንን ዋጋም አውቃለሁ። በዓመት አንዴ ግን ይቻላል። አስቀድመሽ ደውይ፣ ከንስሐ አባትሽም ጋር ተማከሪ። ቶኪዮ ከሄድሽ ካትሱሺካ ወረዳ፣ ዮትሱጊ አካባቢ ያሉትን ወገኖቻችንን ጠይቂ። ካንዳ ያለውን ትልቁን የኒኮላይ ካቴድራል «ኦርቶዶክስ ነው» ብለው የሚጠቁሙሽ ይኖራሉ። ግቢ፣ እይው፣ ውብ ነው። ግን የኬልቄዶን ጉባኤን የተቀበሉት ወገን ስለሆኑ አትቆርቢበትም።

እንግዲህ ወደ ጀልባው።

ሾሮ ናጋሺ ይሉታል። በዓመቱ ውስጥ ሰው የሞተባቸው ቤተሰቦች ጀልባ ሠርተው፣ በፋኖስ አስጊጠው፣ የሟቹን ፎቶ ሰቅለው ማታ በአውራ ጎዳና ይገፉታል። የቦን በዓላቸው ማብቂያ ነው። ለበዓሉ የመጣችውን የሟች ነፍስ ወደ መጣችበት መሸኘታቸው ነው። ኦገስት 15 በእኛ ነሐሴ 9 ነው፣ የፍልሰታ ዘጠነኛ ቀን።

ጓደኛሽ የለመነችሽ ሃይማኖት እንድትቀይሪ አይደለም፤ ኀዘኔን ተካፈዪኝ ነው ያለችሽ። ለቅሶ መድረስ ደግሞ ለእኛ ማን ያስተምረናል? ስለዚህ አትቅሪ። ቀደም ብለሽ ቤታቸው ሂጂ፣ ሥራ አግዢ፣ ወረቀት ቁረጪ፣ ሻይ አቅርቢ። ማታም ከጎኗ ሁነሽ ሂጂ። ጀልባውን ግን አትግፊ። መግፋቱ ራሱ ሥርዓቱ ነው። ነፍስን መሸኘት በሰው እጅ ነው ብለሽ አታምኚም። እኛም ፍትሐት አለን፣ በ40 ቀን ተዝካር አለን፤ ግን ምሕረት እንለምናለን እንጂ ነፍሷን አንሸኛትም። ፎቶው ፊት ዕጣን አጭሺ ቢሉሽም እንዲሁ፤ እጅሽን አጣምረሽ ዝም ብለሽ ቁሚ፣ በልብሽ ለቤተሰቡ መጽናናትን ለምኚ። ጳውሎስ ሳትመራመሩ ብሉ ካለ በኋላ ምን አለ? ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው የሚላችሁ ሰው ካለ ግን አትብሉ አለ። አንቺ ተነግሮሻል፣ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጠንካራ የሆነብሽ እንደሆነ ለንስሐ አባትሽ አቅርቢው። ነገር ግን የእኔ መልስ ይህ ነው፤ ለልጅቷም በዚያ ቀን ሳይሆን ከሳምንት በፊት ንገሪያት።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በዪ። ጃፓን ከኢትዮጵያ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች። ጀልባዎቹ በሚያልፉበት ምሽት እኛ ዘንድ ገና ቀን ነው፤ በየደብሩ የፍልሰታ ቅዳሴ የሚገባበት ሰዓት ነው። ያቺ ኡራካሚም ፍልሰታን የምታውቅ መንደር ናት። ነሐሴ 3 ቀን 1937 ዓ.ም. አቶሚክ ቦምቡ ሲወድቅ፣ ካቴድራሏ ውስጥ ሰዎች ለኦገስት 15ቱ የእመቤታችን በዓል ንስሐ ለመግባት ተሰልፈው ነበር። ከመካከላቸው የተረፈ የለም። በእኛ አቆጣጠር የጾሙ ሦስተኛ ቀን መሆኑ ነው። ናጋሳኪ ያንን ቀን በየዓመቱ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ ደወል ደውላ ትቆምለታለች። አንቺም በዚያች ደቂቃ ቆመሽ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ።

ለነሐሴ 9 ምሽት ደግሞ የጆሮ መድፈኛ ያዢ። ከጀልባዎቹ ጋር በካርቶን በካርቶን ርችት ነው የሚተኩሱት። ነጠላሽንም ቤት ተይው፣ ፍንጣሪው ይበሳዋል።