ልጆቹ ሲወርዱ የሚጀምረው ሲጥሲጥታ

አንዲት አንባቢ ከአዘዞ ጻፈችልኝ። መኪናዋ የ2008 ሥሪት ቪትዝ ናት። ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ ብቻዋን ስትመለስ ኮብልስቶኑ ላይ ከኋላ ሲጥ ሲጥ ይላል። ልጆቹ ከኋላ ካሉ ደግሞ ዝም። ጋራዥ ወስዳት የፊት ቡሽ፣ ማለትም የእግር ብረቶቹ መጋጠሚያ ላይ ያለውን ጎማ፣ ቀየሩላት፤ ምንም ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ የኋላ ሾክ፣ ማለትም የመኪናውን መንጠር የሚያበርደውን፣ ቀይሪ ብለዋታል።

እህቴ፣ ገንዘብሽን ያዢ። ከኋላ ለሚጮህ መኪና የፊት ቡሽ የሚቀይር ሰው ሾኩንም በግምት ነው የሚቀይረው።

ሰው ሲደገፍበት የሚጠፋ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከመቀመጫው ነው። እኔ የምጠረጥረው የኋላ ወንበሩን መደገፊያ መቆለፊያ ነው። ከቦዲው ጎን የወጣ ወፍራም የብረት ቀለበት አለ፣ መቆለፊያው እሱን ነክሶ ይይዛል። ለማረጋገጥ መደገፊያውን ወደ ፊት አጥፊና ያንኑ መንገድ ባዶውን ንጂ። ዝም ካለ አገኘነው።

ለምን እንደሚጮህ ልንገርሽ፣ ይቺን ነገር እወዳታለሁ። መሰንቆ አይተሻል መቼም። አዝማሪው የደጋኑን ጭራ ሙጫ የሚቀባው ጭራው ክሩን እንዲይዘው ነው፤ ይይዛል፣ ይስባል፣ ያመልጠዋል፣ እንደገና ይይዛል። ይሄ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ሲሆን ድምፅ ይወጣል። ሙጫ ከሌለ ጭራው ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ያንቺም ቀለበትና መቆለፊያ እንደዚያው ይያዛሉ፣ ይለቃቀቃሉ። ልጆቹ ሲደገፉ ግን ክብደታቸው ሁለቱን አጥብቆ ስለሚያጣብቃቸው መንሸራተቱ ይቆማል፣ ድምፁም አብሮ ይጠፋል። አንዳንዱ ታዲያ የሞተር ዘይት ያንጠባጥብበታል። ጥቂት ቀን ዝም ይላል፣ ከዚያ አቧራው ዘይቱ ላይ ተለጥፎ ይብስበታል። የበር ጎማ ላይማ ዘይት አይነካም፣ ያብጣል፣ ይላላል።

ቀለበቱን በደረቅ ጨርቅ አጽጂ፣ ቅባት ካለው በአልኮል ጥረጊው። የጨርቅ ናስትሮ አንድ ዙር ብቻ ጠቅልይበት። የላስቲኩ ናስትሮ ሙቀት ሲያገኘው ሙጫው ይቀልጥና መቆለፊያውን ያጨማልቀዋል፣ ተዪው። በላዩ ትንሽ የሲሊኮን ግሪስ ቀቢ።

አሁን ዋናውን ስሚ። ናስትሮው ከወፈረ መቆለፊያው የያዘ መስሎ አይይዝም። መደገፊያውን ስትመልሺ ቀጭ ማለቱን ስሚ፣ ከዚያ ከላይ ይዘሽ በኃይል ወደ ፊት ጎትቺው። በሁለቱም ጎን። ያልተቆለፈ መደገፊያ ድንገት ፍሬን ስትይዢ ከኋላው ካለው ዕቃ ጋር ልጆቹ ጀርባ ላይ ነው የሚመጣው። ከተነቃነቀ ናስትሮውን ፍቺው፣ ሲጥሲጥታው ይሻላል። ደግሜ እላለሁ፣ ሳትጎትቺ ልጅ አታስቀምጪበት።

መደገፊያው ታጥፎም ከጮኸ፣ ከዕቃ መጫኛው በላይ ያለውን መሸፈኛ አውጥተሽ ቤት ትተሽው ሞክሪ፣ ቀጥሎ የኋላ በሩን ጎማ በሲሊኮን ጥረጊ። እሱም ካልሆነ ሌላ ሰው ይንዳልሽና አንቺ ከኋላ ተቀምጠሽ ፕላስቲኩን በእጅሽ እየተጫንሽ ፈልጊው።