ጭማሪውን ቁጠሩ

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ልጅ አገኘኝ። በዲቪ ከመጣ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ውስጥ ፓርኪንግ ይሠራል፣ ማታ ማታ ደግሞ ዴሊቨሪ። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና፣ «ጋሼ፣ ይሄን ትምህርት ልጀምር ነበር፤ ምን ይመስልዎታል?» አለኝ። የግል ትምህርት ቤት ነው። የ9 ወር የሜዲካል አሲስታንት፣ ማለትም የክሊኒክ የሐኪም ረዳት፣ ኮርስ፣ ዋጋው 18 ሺህ ዶላር። ከታች በትልቁ «ፋይናንሻል ኤይድ (የትምህርት እርዳታና ብድር) እናመቻቻለን» ይላል።

«ፈርመሃል?» አልኩት።

«ማክሰኞ ቀጥረውኛል።»

እፎይ አልኩ። የዛሬ 15 ዓመት ገደማ እኔም እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ። የትምህርት ቤቱን ስም ተዉት። እንደ እሱ ፓርኪንግ እየሠራሁ 14 ሺህ ዶላር ተበደርኩ። ተመርቄ ክሊኒክ ስገባ ከፓርኪንጉ ደመወዜ የጨመረልኝ በሰዓት አንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ነበር። በዓመት 3,100 ዶላር ገደማ፣ ያውም ታክስ ሳይነካው። የብድሩ ክፍያ ደግሞ በዓመት ከ1,900 በለጠ። ቲፕ ቀረ፣ ኦቨርታይም ቀረ። የክሊኒክ ልብሴን ለብሼ ፎቶ ተነሳሁና ለእናቴ ላክሁ። እሷ እልል አለች። እኔ ከፓርኪንጉ ጊዜ ይልቅ ኪሴ ሳስቶ ነበር።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ተመራቂው 42 ሺህ ያገኛል» ሲሉን 42 ሺሁን በሙሉ ትምህርቱ ያመጣው ገንዘብ እናደርገዋለን። አሁን 36 ሺህ የምታገኙ ከሆነ ትምህርቱ የሚጨምርላችሁ 6 ሺህ ብቻ ነው። ብድሩም የሚከፈለው ከዚያው ከ6 ሺሁ ነው።

የልጁን ሂሳብ እዚያው የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ሠራነው። 42 ሺህ ያልኩት ከሜዳ አይደለም፤ የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሜዲካል አሲስታንት መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ ነው። መካከለኛ ማለት ግማሹ ሰው ከዚያ በታች ያገኛል ማለት ነው። ጀማሪ ደግሞ ወዴት እንደሚወድቅ ታውቃላችሁ። እሺ፣ የአሁኑ 36፣ የወደፊቱ 42 ይሁንለት ብለን ቀጠልን። ከ6 ሺሁ ጭማሪ ታክሱ ሲነሳ 4,500 ገደማ ይቀራል። 18 ሺሁን በ6.5 በመቶ ወለድ ተበድሮ በ10 ዓመት ቢከፍል በወር 204 ዶላር ነው፣ በድምሩ 24,500። በዓመት 2,450 መሆኑ ነው። እጁ ላይ የሚቀረው በዓመት ሁለት ሺህ ብር ቢጤ። (ዶላር ማለቴ ነው፤ ይህ አፌ አሁንም አልለመደም።) በዚያ ላይ ለትምህርቱ ሲል ዴሊቨሪውን ለ9 ወር ሊተው ነው። በሳምንት 200 ዶላር ነበር የሚያገኝበት፤ 7,800 ዶላር ሄደ። እሱን ብቻ ለመመለስ አራት ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረው።

ልጁ ዝም አለ።

ሜዲካል አሲስታንት መጥፎ ሥራ ነው እያልኩ አይደለም። ወደ ነርስነት መሸጋገሪያ ያደረጉትም አሉ። ያው ትምህርት ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የመንግሥት የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ውስጥ ቢሆን ሂሳቡ ሌላ ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ ላይ ለስቴቱ ነዋሪ አንድ ክሬዲት 200 ዶላር ገደማ ነው፤ 25 ክሬዲት ያለው ሰርተፍኬት በ5 ሺህ ዶላር ያልቃል፣ መጽሐፍ ሳይጨምር። ነዋሪ ለመባል ግን ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ዓመት መኖር ያስፈልጋል፤ ገና ከመጣችሁ ክፍያው ከእጥፍ ይበልጣል። ለአዲስ ሰው አንዳንዴ ጥሩው ምክር «ስድስት ወር ቆይ» ነው።

የሙያው ምርጫም ራሱ ሂሳቡን ይገለብጠዋል። በዚያው በ2023 መረጃ የኤችቫክ ቴክኒሻን፣ ማለትም የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ባለሙያ፣ መካከለኛ ደመወዝ 57,300 ነበር። የኤሌክትሪሺያን 61,590። የእኛ ሰው ግን ጣሪያ ላይ መውጣትን እንደ ትምህርት አይቆጥረውም። እኔ ራሴ ዕዳዬን ከፍዬ የጨረስኩት ኋላ ላይ ኤችቫክ ተምሬ ነው፣ በማታ ክፍለ ጊዜ፣ ሥራዬን ሳልለቅ። ግን ሰርተፍኬትና ላይሰንስ አንድ አይደሉም። የማቀዝቀዣ ጋዝ ለመንካት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን (ኢፒኤ) 608 የሚባል የፌዴራል ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ስለዚህ ኮሌጁን ስትጠይቁ «ይሄ ኮርስ ለየትኛው ፈተና ያበቃኛል?» በሉ። መልሱ ከተድበሰበሰ ተነሱና ውጡ።

ሌላም ጥያቄ አለ፦ «ክሬዲቱ ወደ ሌላ ኮሌጅ ይዛወራል?» የኔ የ14 ሺህ ዶላር ትምህርት አንዲት ክሬዲት አላዛወረችልኝም። እንደገና ከዜሮ።

ቁጥሩን ራሳችሁ ማየት ከፈለጋችሁ የአሜሪካ የትምህርት መሥሪያ ቤት «ኮሌጅ ስኮርካርድ» የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለው። የኮሌጁን ስም ትጽፋላችሁ፤ የትምህርት ዘርፉን ስትመርጡ የተመራቂዎቹን ገቢና ዕዳ ያሳያችኋል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። የዕዳው ቁጥር የተበደሩትን ብቻ ነው የሚያሳየው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ውስጥ አብዛኛው ሰው ሳይበደር ይማራል፤ ስለዚህ ቁጥሩን አይታችሁ ሁሉም ይህን ያህል ዕዳ አለበት እንዳትሉ። ገቢውም የሚሰላው የፌዴራል እርዳታ ወይም ብድር ካገኙት ተማሪዎች ነው። ትንሽ ተማሪ ያለው ዘርፍ ደግሞ ጭራሽ ቁጥር ላይኖረው ይችላል።

አሁን ወደ ፔል ግራንት፣ የፌዴራል መንግሥቱ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ተማሪዎች ወደሚሰጠው እርዳታ። ለ2025–26 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው፤ የማይመለስ ገንዘብ። ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛነቱ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት ሁሉ በፋፍሳ፣ በፌዴራሉ የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ፣ ማመልከት ይችላል። ታዲያ ልጁን «ዲግሪ አለህ?» ስለው «አዎ፣ አካውንቲንግ» አለኝ። ባችለር ዲግሪ ያለው ሰው መደበኛውን ፔል አያገኝም፤ ዲግሪው ከአገር ቤት ቢሆንም። «ግን የለኝም በል ብለውኛል» አለ። ይሄን ምክር የሚሰጡ ሰዎች ቅጣቱን አብረው አይከፍሉላችሁም። ፋፍሳ ላይ መዋሸት እስከ 20 ሺህ ዶላርና እስር ያስከትላል። ይልቅስ ዲግሪውን አስገምግሙት፤ ላላችሁ ሙያ ሰርተፍኬት ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ ፋስት ፎርዋርድ ስለሚባለው የስቴቱ ኮሚኒቲ ኮሌጆች የአጭር ሥልጠና ፕሮግራም ጠይቁ። ተፈላጊ ለሆኑ አጫጭር ሙያዎች ተማሪው የሚከፍለው ከዋጋው አንድ ሦስተኛ ነው። ካቋረጠ ግን ሌላ አንድ ሦስተኛ ይጨምራል። ኤሌክትሪክ የሚያምራችሁ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማኅበር ሎካል 26 ደመወዝ እየተከፈላችሁ የምትማሩበት የ5 ዓመት መንገድ አለው። ፉክክሩ ቀላል አይደለም፤ ግን ያለ ዕዳ ነው።

እቁብ ጥላችሁ መማር የምትሉም አላችሁ። ወለድ የለውም፣ ጥሩ ነው። ዕጣው ቀድሞ ከወጣላችሁ ግን ዕዳ ነው፣ ያውም ዋስ ያለበት። የፌዴራል ብድር ከትምህርት በኋላ 6 ወር ይታገሳል፣ ገቢ ሲያንስ በገቢ ልክ ለመክፈል ይፈቅዳል። የእቁብ ዳኛ እሁድ ማታ ይደውላል። የፌዴራሉንም ቢሆን አትናቁት፤ ጨርሶ ካልከፈላችሁ ከደመወዛችሁ እስከ 15 በመቶ መቁረጥ፣ የታክስ ተመላሻችሁንም መውሰድ ይችላል።

ማክሰኞ ልጁ ደወለልኝ። ቀጠሮው ላይ አልሄደም። «ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ደወሉልኝ ጋሼ። ዛሬ ከፈረምክ ቅናሽ አለ ይላሉ።»

«ስንት ቀነሱልህ?»

«2 ሺህ።»

«እስከ ማታ ጠብቃቸው፤ ደግሞ ይቀንሱልህ ይሆናል» አልኩት። ሳቀ። ሐሙስ ዕለት ኮሚኒቲ ኮሌጁ ጋ የማማከር ቀጠሮ ይዟል። ዲግሪውን ይዞ ይሄዳል።